ስንት ቀሩ? በኒድውድ ሐይቅ ዳር ዳክዬ ስንቆጥር የከረምንበት ፀደይ

ቅዳሜ ከአማርኛ ክፍል በኋላ አብዛኞቻችን የምናደርገው ያው ነው። ልጆቹን እንሰበስባለን፣ የጠፋ ጃኬት እንፈልጋለን፣ ፓርኪንግ ላይ ትንሽ እናወራለን፣ ከዚያ ወደ እግር ኳስ ወይ ወደ ገበያ እንሮጣለን። በኤፕሪል መጨረሻ አንድ ቅዳሜ ግን ጨዋታው ተሰረዘና ከዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ጋር ወደ ኒድውድ ሐይቅ ሄድን። ከሮክቪል መሃል በመኪና ሩቅ አይደለም። ውኃው ዳር ቁጭ ብለን ሳንድዊቻችንን ስንበላ ከሣሩ ሥር አንዲት ቡናማ ዳክዬ ወጣች። ከኋላዋም ጫጩቶቿ አንድ በአንድ ተከታትለው ውኃ ውስጥ ገቡ።

«ሉክ! አባ፣ ሉክ!» አለች ልጄ። ቀጥላም በእንግሊዝኛ ቆጠረቻቸው። አሥር ናቸው።

ፎቶ አነሳንና ማታ በቴሌግራም ለእናቴ ላክንላት። እናቴ የምትኖረው አዲስ አበባ ነው። የልጅ ልጇን ድምፅ ለመስማት የማትሆነው የለም። ልጄ ግን እንደ ብዙዎቹ ልጆቻችን አማርኛውን ትሰማለች እንጂ አትናገረውም። «ሰላም እማማ፣ ደህና ነሽ? እወድሻለሁ» ካለች በኋላ ስልኩ ወደ እኔ ይመለሳል። የዚያን ዕለት ግን እናቴ እንዲህ የሚል የድምፅ መልእክት ላከች፦ «የኔ ዓለም፣ ዓይኔን ሞራ ይዞኝ የለ? ፎቶው ጭጋግ ሆኖ ነው የሚታየኝ። ምን እንደሆነ እስኪ አንቺው ንገሪኝ።»

ልጄ ስልኩን ዘረጋችልኝ። «ዩ ቴል ሀር።» ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ ግን «የጠየቀችው አንቺን ነው» አልኳት። ትንሽ አኮረፈች። ሁለት ጊዜ ቀድታ አጠፋች። በመጨረሻ የተላከው መልእክት ይኼ ነበር፦ «እማማ፣ ዳክ ነው። እናቱ ፊት ነው። አሥር ቤቢዎች አለ።»

እናቴ አልሳቀችም፣ አላረመቻትምም። «ውይ! እናታቸው ፊት ፊት ትሄዳለች? አሥር ጫጩቶች አሏት? በሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ ስንት እንደሆኑ ቆጥረሽ ትነግሪኛለሽ» አለቻት። በቃ፣ ሥራ ተሰጠን። እስከ ጁን ድረስ ቅዳሜያችን በዚህ ተያዘ።

አሥሩ ከየት መጡ?

ያየናት ዳክዬ ማላርድ የሚባለው ዝርያ ናት። በየኩሬው የምናያት እሷው ናት፤ አውራው አንገቱ የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ፣ ሴቷ ደግሞ ዝንጉርጉር ቡናማ። ሴቷ በቀን አንድ እንቁላል ትጥላለች፤ ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 13 ይደርሳል። ጥላ እስክትጨርስ ድረስ ግን በደንብ አትታቀፍም። ለዚህ ነው የመጀመሪያውም የመጨረሻውም እንቁላል በአንድ ቀን ገደማ የሚፈለፈሉት። የምትታቀፈው ወደ 28 ቀን ነው። አውራው በዚህ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ትቷት ሄዷል።

ጎጆዋን ሁልጊዜ ውኃ ዳር አትሠራም። የአበባ መደብ ውስጥ፣ የቢሮ ሕንጻ ግቢ ውስጥ፣ ቁጥቋጦ ሥር ልትሠራው ትችላለች። ጫጩቶቹ በተፈለፈሉ በአንድ ቀን ውስጥ ተነስታ ወደ ውኃ ትመራቸዋለች፤ መንገዱ አንዳንዴ ከአንድ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በፀደይ መኪኖች ሁሉ ቆመው ዳክዬ ስታሻግሩ ካያችሁ ምክንያቱ ይኼ ነው።

እንደ ርግብ አፋቸው ውስጥ አታጎርሳቸውም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ትንኙንና ትሉን ራሳቸው ለቅመው ይበላሉ። የእሷ ሥራ መምራት፣ ሲበርዳቸው ክንፏ ሥር ማስገባት፣ አደጋ ስታይ መጣራት ነው።

ለዚህ ሁሉ አማርኛችን የራሱ ቃል አለው። ጣለች፣ ታቀፈች፣ ፈለፈለች። ልጄ «ታቀፈች» የምትለውን ወደደቻት፤ እኔ እሷን ስይዛት «አቀፍኩሽ» እንደምላት ነገርኳት። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውንም ተረት ነገርኳት። እሷም «ዳክዬ ግን ቀስ አይልም፣ በነጋታው ይሄዳል» ብላ ተከራከረችኝ። ክርክሩ በአማርኛ ስለነበር አሸነፍሽ አልኳት።

ስምንት፣ ከዚያ አምስት

በሁለተኛው ቅዳሜ ስንሄድ ጫጩቶቹ ስምንት ነበሩ። ልጄ «ይኼ ሌላ ፋሚሊ ነው» ብላ አላምን አለች። ፎቶዎቹን አስተያየን። የሴቷ ማላርድ ምንቃር ብርቱካናማ ሆኖ መሃሉ ላይ ጥቁር ጠቃጠቆ አለው፤ ጠቃጠቆው ከአንዷ ወደ አንዷ ይለያያል። የእኛዋ በግራ በኩል እንደ ትንሽ ጫማ የሚመስል ነጥብ አላት። እሷው ነበረች።

በሦስተኛው ቅዳሜ አምስት ሆኑ።

እዚህ ላይ ወላጅ ምን ይላል? «ሌላ ቦታ ሄደው ይሆናል» ልል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ከማላርድ ጫጩቶች መካከል ብዙውን ጊዜ ግማሽና ከዚያ በላይ የሚሆኑት ለመብረር ሳይደርሱ ይሞታሉ። በተለይ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ክፉ ናቸው። ከታች ትልልቅ ዓሣና ስናፒንግ ተርትል የሚባለው ኤሊ አለ፤ ከዳር ቀበሮና ራኩን፤ ከላይ ጭልፊት። ግሬት ብሉ ሄረን የሚባለው ረጅም እግር ወፍም ውኃ ዳር እንደ እንጨት ቆሞ ይጠብቃል። ብርድና ዝናብም አለ። ዳክዬዋ ብዙ የምትጥለው ለዚህ ነው።

ልጄ መኪና ውስጥ ዝም አለች። ከዚያ «አባ፣ ጠፉ ነው ሞቱ ነው የምለው?» አለችኝ። ሁለቱም ትክክል ነው፤ አላየንም፤ ግን ሞተው ይሆናል አልኳት። ማታ በራሷ ስልኩን አነሳች፦ «እማማ፣ አምስት ብቻ ቀሩ። አምስቱ ሞቱ መሰለኝ። እናታቸው ግን አሁንም ትጣራለች።»

የእናቴ መልስ በነጋታው መጣ። ከወትሮው ረዘም ይላል። «አይዞሽ የኔ ልጅ። እናት እንዲህ ናት። እኔም ሰባት ወልጄ አራት ነው የቀሩልኝ። አባትሽ አልነገረሽም?»

አልነገርኳትም ነበር። ልጄ መልእክቱን ሁለቴ ሰማችው። ሁለተኛውን ጊዜ ስትሰማ «ሰባት» የምትለው ላይ አቆመችው። ከዚያ እኔን ሳትጠይቅ ስልኩን ወደ አፏ አስጠግታ «እማማ፣ ስማቸው ማን ነበር?» አለች።

እናቴ ነገረቻት። ሦስቱንም ስም፣ በየትኛው ዓመት እንደተወለዱ፣ የትኛው እንደሚስቅ። የሁለቱን አውቅ ነበር። የሦስተኛዋን ስም ግን እኔም በዚያ ቀን ነው የሰማሁት። አርባ ሁለት ዓመቴ ነው። ጠይቄ አላውቅም።

እንቁላሉ ውስጥ ያለው ድምፅ

በዚያ ሰሞን ስለ ዳክዬ ጫጩቶች ያገኘሁትን ሁሉ አነብ ነበር። ብዙዎቻችን የኮንራድ ሎሬንዝን ታሪክ ሰምተናል። ኦስትሪያዊው ተመራማሪ ገና የተፈለፈሉ የዝይ ጫጩቶች መጀመሪያ ያዩትን ተንቀሳቃሽ ነገር እንደ እናት አድርገው እንደሚከተሉ አሳየ፤ እሱንም ይከተሉት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል።

እኔን የያዘኝ ግን ጊልበርት ጎትሊብ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ሥራ ነው። ከ1960ዎቹ ጀምሮ በሰሜን ካሮላይና የዳክዬ ጫጩቶች የእናታቸውን ጥሪ እንዴት እንደሚያውቁ ሲመረምር ቆየ። በማሽን የተፈለፈሉ፣ እናታቸውን አንድም ቀን ሰምተው የማያውቁ የማላርድ ጫጩቶች እንኳ በአንድ በኩል የማላርድ እናት ጥሪ፣ በሌላ በኩል የዶሮ እናት ጥሪ ሲሰማቸው ወደ ማላርዷ ይሄዳሉ። ታዲያ ማን አስተማራቸው? ጫጩቶቹ ሳይፈለፈሉ፣ ገና እንቁላሉ ውስጥ ሳሉ፣ ድምፅ ማሰማት ይጀምራሉ። ጎትሊብ እነዚህን ድምፆች እንዳያሰሙና የሌሎቹንም እንዳይሰሙ ሲያደርግ፣ ጫጩቶቹ የእናታቸውን ዓይነት ጥሪ ከዶሮዋ መለየት ተሳናቸው። ጆሯቸው የሚቃናው ራሳቸው በሚያሰሙት ድምፅ ጭምር ነበር ማለት ነው።

ልጅ ዳክዬ አይደለም፤ ከአንድ ሙከራ ተነስቼ ስለ ልጆቻችን ሕግ ላወጣ አልፈልግም። ግን ስለ ራሴ አሰብኩ። ቤት ውስጥ አማርኛ እናወራለን፤ ከሰማች ይበቃታል፣ አንድ ቀን ይወጣል ብዬ ዓመታት አሳልፌአለሁ። መስማቱማ ሰምታለች። የጎደለው የራሷ ድምፅ ነበር። እሱ ደግሞ የሚወጣው የሚጠብቃት ሰው ሲኖርና እኔ አፌን ስይዝ ነው። እናቴ ቅዳሜን የምትጠብቀው «ስንት ቀሩ?» ብላ ነው። ልጄ ለፈተና ሳይሆን ለዚህ ጥያቄ ቁጥር አጠናች።

የት እንሂድ?

ኒድውድ ሐይቅም ጎረቤቱ ፍራንክ ሐይቅም ሮክቪል አጠገብ ናቸው። በሮክ ክሪክና በገባሩ ላይ ግድብ ተሠርቶ የተፈጠሩ ሐይቆች ናቸው። በኒድውድ መኪና ውኃው አጠገብ ማቆም ስለሚቻል ሕፃን ላላችሁ ይመቻል፤ ፍራንክ ሐይቅ ትንሽ የእግር መንገድ ይፈልጋል፣ ጸጥታው ግን ይበልጣል። ሲልቨር ስፕሪንግ ያላችሁ ዊተን ያለውን ብሩክሳይድ ጋርደንስን ሞክሩ፤ ኩሬዎቹ አጠገብ ዝይም ዳክዬም አይጠፋም።

አሌክሳንድሪያ ያላችሁ ወላጆች ደግሞ ሀንትሊ ሜዶውስ ፓርክ አላችሁ። ረግረጉ ላይ በተዘረጋው የእንጨት መንገድ ስትሄዱ ዉድ ዳክ የሚባለውን ልታዩ ትችላላችሁ። ይህች ዳክዬ ዛፍ ቀዳዳ ውስጥ ትፈለፍላለች። ጫጩቶቹ በተወለዱ በነጋታው እናታቸው ከታች ስትጠራቸው አንድ በአንድ ይዘላሉ። መብረር አይችሉም፤ ቀላልና ለስላሳ ስለሆኑ ግን ከትልቅ ዛፍ ወርደው እንኳ ተነስተው ይሮጣሉ።

ዋሽንግተን ከገባችሁ ካፒቶል ፊት ለፊት ያለው የውኃ ገንዳ አለ። የገንዳው ጠርዝ ድንጋይ ከፍ ስለሚል ጫጩቶች ከገቡ በኋላ መውጣት ያቅታቸው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ትንንሽ መወጣጫ ተሠራላቸው። በ2005 ደግሞ አንዲት ዳክዬ ከዋይት ሃውስ አጠገብ ባለው የግምጃ ቤት መሥሪያ ቤት ደጃፍ ላይ ጎጆዋን ሠርታ ጥበቃ ተመድቦላት ነበር። ጫጩቶቿ ሲፈለፈሉ ቤተሰቡ ተይዞ ወደ ሮክ ክሪክ ተወሰደ። የኛ የኒድውድ ውኃ የሚፈስበት ወንዝ ነው።

በስልክ ፎቶ ስታነሱ

ትልቅ ካሜራ አያስፈልግም። እኛ ያነሳነው በሙሉ በስልክ ነው፤ አብዛኛው ተበላሽቷል፣ ጥቂቱ አምሯል። የተማርነው ይኼ ነው።

አንደኛ፣ ቁጢጥ በሉ። ቆማችሁ ከላይ ስታነሱ ጫጩቱ ውኃ ላይ የወደቀ ነጥብ ይመስላል። ስልኩ በጫጩቱ ዓይን ትክክል ሲሆን ፊቱ ይታያል። ልጆች በቁመታቸው ከእኛ የተሻለ የሚያነሱት ለዚህ ነው።

ሁለተኛ፣ ጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ ሂዱ። እኩለ ቀን ላይ ውኃው ያንጸባርቅና ቢጫው ላባ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ቀትር ላይ ከሆናችሁ ስክሪኑን በጣታችሁ ነክታችሁ ብርሃኑን ትንሽ ዝቅ አድርጉት።

ሦስተኛ፣ ጫጩት አንድ ቦታ አይቆምም። የፎቶ ቁልፉን በተከታታይ እንዲያነሳ አድርጋችሁ ከሃያው አንዱን ምረጡ። ምርጫውን ለልጁ ስጡት፤ ግን «ለምን ይኼኛው?» ብላችሁ ጠይቁት። የኛ ረጅሙ የአማርኛ ወሬ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። «ይኼ ጠልቋል፣ ጭራው ብቻ ይታያል»፣ «ይኼኛው እናቷን እያየች ነው»።

አራተኛ፣ አትጠጉ። እናትየው አንገቷን ቀጥ አድርጋ ከቆመች ወይም ደጋግማ ከጮኸች ቀርባችኋል ማለት ነው፤ ወደ ኋላ ተመለሱ። በእሷና በውኃው መካከል በፍጹም አትግቡ። የካናዳ ዝይ ከሆነ ደግሞ እናትም አባትም አብረው ስለሚጠብቁ ክንፍ ዘርግተው ሊያባርሯችሁ ይችላሉ። ቅርብ ማየት ለሚፈልግ ልጅ የስልኩን ካሜራ በቢኖኩላር ማያ ላይ አስደግፎ ማንሳት ይቻላል። እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ግን ይሠራል።

ዳቦውን ቤት ተዉት

ብዙዎቻችን ለወፍ ዳቦ መጣል ደግነት ነው ብለን ነው ያደግነው። ለጫጩት ግን ዳቦ ሆድ ይሞላል እንጂ አያሳድግም፤ የሚያስፈልገው ትንኝና ትል ነው። የተረፈው ዳቦም ውኃውን ያበላሻል፣ ጫጩት የሚበሉትንም አውሬዎች ይስባል።

ብቻውን የቆመ ጫጩት ካያችሁ ቶሎ አታንሱት። ራቅ ብላችሁ ጠብቁ፤ እናቱ ቅርብ ልትሆን ትችላለች። እ.ኤ.አ. ከ1918 ጀምሮ ባለው የፌዴራል ሕግ ማላርድን የመሰሉ የዱር ወፎችን፣ እንቁላላቸውንም ጎጇቸውንም መውሰድ ክልክል ነው። ጫጩት መንገድ ዳር የጎርፍ ቱቦ ውስጥ ከወደቀ ወይም ከቆሰለ የካውንቲውን የእንስሳት አገልግሎት ወይም ፈቃድ ያለው የዱር እንስሳት ተንከባካቢ ደውላችሁ ጥሩ።

የገፈርሳ ዝይ

በአምስተኛው ቅዳሜ ወሬው አቅጣጫ ቀየረ። እናቴ «እኛም ጋ እኮ ገፈርሳ ግድቡ ላይ ዝይ አለ» አለች። ልጄም «ፎቶ ላኪልኝ» አለቻት። ወንድሜ በአምቦ መንገድ ሲያልፍ ቆሞ አነሳና ላከ። ግራጫማ ቡናማ ዝይ ነች፤ ክንፏ ላይ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ አለ። በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የምትኖር፣ በሌላ አገር የማትገኝ ወፍ ናት። ልጄ ፎቶውን ይዛ ክፍል ውስጥ ለጓደኞቿ ስታሳይ «ይቺ አሜሪካ የለችም፣ የኛ ናት» ስትል ሰማኋት። «ይቺ» ማለቷን ልብ አድርጌ ነበር፤ በኤፕሪል «ዳክ ነው» ነበር የምትለው።

ባለፈው ቅዳሜ ስምንተኛችን ነበር። ጫጩቶቹ አሁን ጫጩት አይባሉም፤ እናታቸውን አክለዋል፣ ክንፋቸውን እየዘረጉ ይሞክራሉ። ማላርድ ከ50 እስከ 60 ቀን ገደማ ውስጥ ይበራል። አራት ናቸው። ልጄ ደውላ «እማማ፣ አራት ቀሩ፤ ልክ እንዳንቺ» አለቻት። ከዚያ ስልኩን ወደ እኔ አልመለሰችውም። ወጥ ቤት ይዛው ገባች።

ውድ ወላጆች፣ የትምህርት ዓመታችን እያለቀ ነው፤ የዳክዬው ጊዜ ግን አላለቀም። የመጀመሪያ ጎጇቸው የፈረሰባቸው ማላርዶች እንደገና ስለሚጥሉ በጁንና በጁላይም ትንንሽ ጫጩት ታያላችሁ። በዕረፍቱ ጊዜ አንድ ኩሬ ምረጡና ደጋግማችሁ ሂዱ። አገር ቤት ወይም እዚሁ ያለች አንዲት አያት፣ አክስት ወይም አጎት ፈልጉ፤ ቁጥሩን ልጁ ራሱ ይንገራቸው። ሲሳሳት ዝም በሉ፤ አያት ታውቅበታለች። በሴፕቴምበር ስንመለስ አንድ ፎቶና ልጁ በራሱ እጅ የጻፈውን አንድ ዓረፍተ ነገር ይዛችሁ ኑ። የክፍላችን ግድግዳ ላይ እንለጥፈዋለን።